ለወይን ቅምሻ ምሽት የማወጣት ትንሽ ብርጭቆ

ጓደኞቻችሁን ቤት ጠርታችሁ ዘና ያለ የወይን ቅምሻ ምሽት ልታደርጉ ካሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ብርጭቆ ላይ አውጡ። ውዱ ጠርሙስ ይቆይ። የሚያምረው የመስታወት ማንቆርቆሪያም ይቆይ። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ብርጭቆ ይኑር፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን አፌን ሞልቼ የምለው ካሉኝ የወይን ዕቃዎች ሁሉ በየቅምሻው ጠረጴዛ ላይ የምትወጣው አንዲት ትንሽ ብርጭቆ ስለሆነች ነው።

አይ ኤስ ኦ የቅምሻ ብርጭቆ ትባላለች። ብዙ አምራቾች ስለሚሠሯት እዚህ የምገመግመው አንድን ድርጅት ሳይሆን ቅርጿን ነው። መነሻዋ ፈረንሳይ ናት። የአገሪቱን የወይን ስያሜዎች የሚቆጣጠረው ኢናኦ የተባለው ተቋም ለቀማሾች ያስለመዳት ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይ ኤስ ኦ) ቁጥር 3591 ሰጥቶ መለኪያዋን ጻፈላት። የወይን ትምህርት በሚሰጥባቸው ክፍሎችና በውድድሮች ላይ ለዓመታት ስትሠራ የኖረችው ይቺው ናት።

ስታይዋት ምንም አታስደንቅም። ቁመቷ 155 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሆዷ በሰፋበት በኩል 65 ሚሊ ሜትር፣ አፏ ደግሞ 46 ብቻ። እግሯ አጭርና ወፈር ያለ ነው። እስከ ጫፏ ብትሞላ 215 ሚሊ ሊትር አካባቢ ትይዛለች፤ የሚቀዳባት ግን 50 ነው። ማለትም ሦስት አራተኛዋ ባዶ ይቀራል። የመጀመሪያ ጊዜ እንግዶች ይህን ሲያዩ ጋባዡ የሰሰተ ይመስላቸዋል። ባዶው ቦታ ለአፍንጫ የተተወ መሆኑን ገና ከበር ንገሯቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይን ሲሽከረከር መዓዛውን ይለቃል። ሆዷ ሰፋ ስላለ ወይኑ መዞሪያ ያገኛል። አፏ ጠበብ ስላለ ደግሞ የወጣው መዓዛ ቶሎ አይበተንም፤ አፍንጫችሁን ይጠብቃል። 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለተቀዳ የወይን ብርጭቆ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ሸሚዙ ላይ ሳያፈስ ያሽከረክራታል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ እንግዳ ጨርቅ ላይ አፈሳለሁ ብሎ ከፈራ ሌሊቱን ሙሉ ብርጭቆውን ሳያንቀሳቅስ ነው የሚያመሸው። ሳያሽከረክር የጠጣ ሰው ደግሞ ግማሹን አልቀመሰም።

ይህን በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል። አንድ ምሽት ጓደኞቼ ፊት ከአንድ ጠርሙስ ሁለት ቦታ ቀዳሁ። አንዱን በቅምሻ ብርጭቆዋ፣ ሌላውን አፉ ሰፊ በሆነ ወፍራም የውኃ ብርጭቆ። ወይኑ ሶቪኞን ብላንክ ነበር፤ በመዓዛው የማይታማ የነጭ ወይን ዝርያ ነው። ከአንድ ጠርሙስ መሆኑን አልነገርኳቸውም። አንዷ ጓደኛዬ ትንሿን አሸተተችና “ይሄ ሎሚ ነው፤ ቆይ፣ የታጨደ ሣርም አለበት” አለች። የውኃ ብርጭቆውን አነሳች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ግራ ገባት። “ይሄኛው ደግሞ ቀዝቃዛና ኮምጣጣ ነገር ነው፤ ሽታው የታለ?” አለች። ከዚያ ጠርሙሱን አሳየኋት። ብርጭቆዎቹን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ቀለማቸውን አስተያየች። አንድ ነው። እንደገና አሸተተቻቸው። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆውን ራሷ ካልደረደረች አይሆንላትም።

ለኔ የዚህች ዕቃ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ሰውን እኩል ታደርጋለች። አንዱ ትልቅ ፊኛ የሚያክል ብርጭቆ፣ ሌላው የሻምፓኝ ቀጭን፣ ሌላው ደግሞ የቡና ኩባያ ይዞ ስለ አንድ ወይን ቢያወሩ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከያዘ ግን ልዩነቱ የሚመጣው ወይ ከወይኑ ነው ወይ ከሰዎቹ። ጨዋታው የሚጥመው እዚያ ላይ ነው።

ስንት ይበቃል? አብዛኛውን ጊዜ በስድስት በስድስት ታሽጋ ነው የምትሸጠው። ምክሬ ለአንድ ሰው ሁለት ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ሁለት ወይን ጎን ለጎን ማስተያየት አይቻልም። ሦስትና አራት ከሆነ ደግሞ ጠረጴዛው ጫካ ይሆናል፤ የማን የቱ እንደሆነ ይጠፋል። በሁለት ብርጭቆ ጥንድ ጥንዱን መቅመስ ይቻላል። ከአንዱ ወይን ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ በውኃ ማለቅለቅ አያስፈልግም፤ ግድግዳዋ ላይ የሚቀረው ጠብታ ቀጣዩን ያቀጥነዋል። ከሚቀጥለው ወይን ትንሽ ጠብ አድርጉባት፣ አዙሩና ድፉት። ባለሙያዎቹ የሚያደርጉትም ይሄንኑ ነው።

ጥንድ ጥንዱን ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ዘና ያለ ምሽት ላይ አሥር ጠርሙስ መደርደር ሰውን ያደክማል። ከአምስተኛው በኋላ አፍም ይዝላል፣ ወሬውም ወደ ሌላ ይሄዳል። አራት ወይም አምስት በቂ ነው። እነሱም በአንድ ክር የተያያዙ ይሁኑ። እኔ በጣም የምወደው አንድ ዝርያ ከሁለት አገር ነው። ከፈረንሳይ ሳንሴር አካባቢ የመጣ ሶቪኞን ብላንክና ከኒውዚላንዱ ማርልቦሮ የመጣው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማንም ሰው ልዩነቱን ይሰማል። የማርልቦሮው ገና ከሩቅ ይጮኻል፤ ፍራፍሬው ይቀድማል። የሳንሴሩ ቆጠብ ያለ ነው። ሌላው ነጭ ዝርያ ሻርዶኔም እንዲሁ ነው። ብርድ ካለበት ከፈረንሳዩ ሻብሊ የመጣውና ሙቀት ባለበት አካባቢ አድጎ በእንጨት በርሜል ያረፈው ወንድማማች ናቸው ብሎ የሚያምን የለም። እንግዳው ስለ ወይን አንድም ነገር ማወቅ አይጠበቅበትም። ሁለት ብርጭቆ ፊቱ ካለ “ይሄኛው ይሻለኛል” ማለት ይችላል። ለምን ብላችሁ ጠይቁት፤ ወሬው ከዚያ ይጀምራል።

ጠርሙሶቹ ይሸፈኑ። ለዚህ ተብለው የሚሸጡት ቁጥር ያለባቸው የጨርቅ ከረጢቶች ያምራሉ፤ ቶሎም ይታሰራሉ። ግን የግድ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች አይደሉም። የወረቀት ከረጢት አንገቱ ላይ በላስቲክ ቢታሰር፣ ወይም ጠርሙሱ በአሉሚኒየም ፎይል ቢጠቀለል ያው ነው። ፎይሉ ላይ አንድ እንከን አለ፤ የጠርሙሱን ቅርጽ አይደብቅም። ትከሻው ቀጥ ብሎ የወጣው የፈረንሳዩ ቦርዶ አካባቢ ዓይነት፣ ትከሻው ዝቅ እያለ የሚወርደው የዚያው አገር የቡርጎኝ ዓይነት፣ ቀጭንና ረዥም የሆነው ሪስሊንግ የሚባለው ነጭ ወይን ጠርሙስ፣ ሦስቱም ትንሽ ለሚያውቅ ሰው ስማቸውን ይናገራሉ። ጓደኞቻችሁ መሃል እንዲህ ዓይነት ሰው ካለ ሰፋ ያለው ከረጢት ይሻላል። አንገቱ ላይ ያለውን ልባስም ሙሉ በሙሉ ላጡት። ቡሹን ኪሳችሁ ክተቱት፤ ስም ተጽፎበት ሊሆን ይችላል።

መሸፈኑ ለምን ይጠቅማል? ሰው ሌብል ካየ ምላሱ ነፃ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1976 ፓሪስ ውስጥ ስቲቨን ስፐሪየር የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ የካሊፎርኒያንና የፈረንሳይን ወይኖች ሸፍኖ ለዳኞች አቀረበ። ነጥባቸው የተቆጠረው ዘጠኙ ዳኞች ሁሉም ፈረንሳውያን ነበሩ። ከነጮቹ የሻቶ ሞንተሌና የ1973 ምርት ሻርዶኔ፣ ከቀዮቹ ደግሞ የስታግስ ሊፕ ወይን ፋብሪካ የ1973 ምርት ካበርኔ ሶቪኞን አንደኛ ወጡ። ሁለቱም የካሊፎርኒያ ናቸው። ሌብሉ ቢታይ ኖሮ ውጤቱ ይሄ ይሆን ነበር ብሎ የሚሟገት ሰው አላውቅም። ቤታችሁም ያው ነው። ርካሹን ወይን ያመጣ እንግዳ አይሸማቀቅም፤ ውዱን ያመጣም አይኮፈስም። ከረጢቱ እስኪወልቅ ሁሉም እኩል ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ በጣም የተወደደው ጠርሙስ ማንም ያልጠበቀው ይሆናል፤ ያኔ ያመጣውን ሰው ፊት ማየት ደስ ይላል።

ይቺ ብርጭቆ ጥቁርም አላት። ቅርጿ ያው ነው፣ ውስጧ ግን አይታይም። የወይኑ ቀለም ስለማይታወቅ ቀይ ይሁን ነጭ በአፍንጫና በምላስ ብቻ መለየት ግድ ይሆናል። ቀላል ይመስላል። ቀለል ያለ ቀይ ትንሽ አቀዝቅዛችሁ፣ ጠንከር ያለ ነጭ ደግሞ ሞቅ አድርጋችሁ ቅዱና እዩት። ቦርዶ ውስጥ በ54 የወይን ሳይንስ ተማሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት አለ። ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ሲቀርብላቸው፣ ተማሪዎቹ የገለጹት ለቀይ ወይን በሚያገለግሉት ቃላት ነበር። ዓይን አፍንጫን ምን ያህል እንደሚመራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ጥቁሯን በስድስት መግዛት ግን አያስፈልግም። ሁለት ካላችሁ እያዟዟራችሁ አንድ ዙር ትጫወቱባታላችሁ፤ ሌላው ጊዜ ካቢኔት ውስጥ ነው የምትቀመጠው። ቀለም ማየት የማትችሉባት ብርጭቆ ምሽቱን ሙሉ ትሰለቻለች።

አሁን ወደ እንከኖቿ ልምጣ።

አንደኛ፣ አረፋ ላለው ወይን አትሆንም። ይቀዳባታል፣ ይጠጣባታል፤ ግን የአረፋው ደስታ ከቁመት ነው የሚመጣው፣ እሷ ደግሞ አጭር ናት። ሁለተኛ፣ ዕድሜ የጠገበ ጠንካራ ቀይ ወይን ይጠብበታል። እንዲህ ያለው ሰፊ ሆድና ብዙ አየር ይፈልጋል፤ በትንሿ ብርጭቆ ሲቀዳ ግማሽ ወሬውን ብቻ ያወራል። ሦስተኛ፣ ከንፈሯ። በማሽን የሚሠሩት ጫፋቸው ላይ ድብልብል ያለ ጠርዝ አላቸው። ለከንፈር ወፈር ይላል። ቀጭን ክሪስታል የለመደ ሰው ወዲያው ይሰማዋል። አራተኛ፣ ለእራት አትሆንም። ምግብ እየበሉ ለመጠጣት ከተቀመጣችሁ በየደቂቃው ስትቀዱ ልታመሹ ነው።

በሌላ በኩል ያ ወፍራምና አጭር እግር ትልቅ በጎ ነገር አለው። ሰው በተሰበሰበበት፣ እጅ በሚወራጭበት፣ ሳቅ በበዛበት ጠረጴዛ ላይ በቀላሉ አትወድቅም። ብትወድቅም ሁልጊዜ አትሰበርም። ረዣዥም ቀጫጭን እግር ያላቸውን ብርጭቆዎች ሳወጣ ዓይኔ ከእንግዶቼ እጅ አይነቀልም ነበር። ጋባዥ እንዲህ ተሳቅቆ ካመሸ ምሽቱ ዘና ያለ ነው አይባልም።

ስትገዙ መለኪያዋን አረጋግጡ። “የባለሙያ ቅምሻ ብርጭቆ” ተብሎ የተሸጠልኝ አንድ ካርቶን ነበር። ቤት አምጥቼ ብለካው አፉ ከሆዱ ብዙም የማይጠብ፣ መጠኑም ከ300 ሚሊ ሊትር በላይ የሚይዝ ተራ ብርጭቆ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ መልሼ ልስጥህ ስለው ካርቶኑ ተከፍቷል ብሎ አሻፈረኝ አለ። እናንተ ካርቶኑ ላይ 3591 የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ከሌለ ማስመሪያ ያዙና አፏ 46 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ሆዷ 65 አካባቢ መሆኑን ለኩ። አፏ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ ግድ የለም። አንድ ሳንቲ ሜትር ከሰፋች ግን ሌላ ዕቃ ናት።

አዲሶቹ ከካርቶን እንደወጡ የካርቶን ሽታ ይዘው ይመጣሉ። ይሄ ሽታ ወይን ውስጥ ሲገባ ወይኑ የተበላሸ ያስመስለዋል። በሙቅ ውኃ እጠቧቸው። ሳሙና ከተጠቀማችሁ በደንብ አለቅልቁ። ሽታ በሌለው ንጹሕ ጨርቅ አድርቋቸው። ከዚያ ካቢኔት ውስጥ አፋቸውን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ተደፍተው ከቆዩ የመደርደሪያውን ሽታ ሆዳቸው ውስጥ አጥምደው ይይዙታል። እንግዳ ሊመጣ ሲል አንድ በአንድ ባዶዋን አሽትቱ። እኔ ይህን ሳላደርግ ወይን አልቀዳም።

ሽታ ላይ ይህን ያህል የተጨነቅኩት ያለምክንያት አይደለም። አንዳንድ ጠርሙስ ከቡሹ የሚመጣ በሽታ አለው። ቲ ሲ ኤ የሚባል ውሁድ ነው የሚያመጣው። በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ብቻ ሲኖር እንኳ አፍንጫ ይለየዋል። ጤና አይጎዳም፤ የወይኑን መዓዛ ግን ገድሎ በምትኩ የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ሽታ ያስቀምጣል። አንድ ጊዜ ሦስተኛው ከረጢት ላይ ስንደርስ ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሁሉም ያሸታል፤ ማንም አይናገርም። ስለ ወይን ምንም አላውቅም ብላ የመጣች ጓደኛችን ናት “ይሄ እኮ ዝናብ የመታው ጋዜጣ ነው” ያለችው። ልክ ነበረች። ብርጭቆዎቹን ቀድሜ አሽትቻቸው ስለነበር ጥፋቱ ከጠርሙሱ መሆኑ አላጠራጠረንም። በሽታው ያለበትን አልደፋነውም። ከጤነኛው ጎን አስቀምጠን ሁሉም ሰው ሽታውን እንዲያውቀው አደረግን። ለዚህ ነው ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ጠርሙስ መኖር ያለበት።

ስለሌሎቹ ዕቃዎች ባጭሩ ልበል። የቡሽ መክፈቻው አስተናጋጆች ኪሳቸው የሚይዙት፣ የሚታጠፍና በሁለት ደረጃ የሚያነሳው ይሁን። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ቦታ አይዝም። ባለ ሁለት ክንፉ ቡሽ ይፈረፍራል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ ባትሪው በሰዓቱ ያልቃል። ወይን ሲቀዳ አየር ያስገባል ተብሎ ጠርሙስ አፍ ላይ የሚሰካው ቱቦ አያስፈልግም፤ የምታሽከረክሩት ለዚያ አይደል? ትናንሽ ብልቃጥ ውስጥ ሽታ አሽገው የሚሸጡት ሣጥኖችም አሉ። ለመማር ጥሩ ናቸው፤ ለጓደኛሞች ምሽት ግን የትምህርት ቤት መንፈስ ያመጣሉ።

ከሱ ይልቅ አንድ ወረቀት ላይ የሽታ መንኮራኩር የሚባለውን፣ የሽታ ቃላት የተደረደሩበትን ክብ አትማችሁ ጠረጴዛ መሃል አድርጉት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የነበሩት ፕሮፌሰር አን ኖብል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጁት ነው። መሃሉ ላይ ሰፊ ሰፊ ቃላት አሉ፤ ፍራፍሬ፣ አበባ፣ ቅመም፣ አፈር። ወደ ውጭ በወጣችሁ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። “ፍራፍሬ ነገር ይሸተኛል” ያለ ሰው ጣቱን እያንሸራተተ ሄዶ ሎሚ ላይ፣ እንጆሪ ላይ፣ ፖም ላይ ያርፋል። አፉ የተያዘ ሰው በአንድ ጊዜ ሲፈታ ታያላችሁ።

ደግሞ ሁለት ሰው ሳይስማማ ሲቀር ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሲራ የሚባል አንድ ቀይ ወይን ስንቀምስ ግማሾቻችን ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ሸተተን። አንዱ ጓደኛችን ግን ምንም አልሸተተውም። ደጋግሞ አሽከረከረ፤ አፍንጫውን ብርጭቆዋ ውስጥ ነከረ። ምንም። ያ ሽታ የሚመጣው ሮተንዶን ከሚባል ውሁድ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ ራሱ ውስጥ ያለው ነው። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ሲያደርጉት ከቀማሾቻቸው አምስት አንድ የሚሆኑት በብዛት ቢኖር እንኳ እንደማይሸታቸው ጽፈዋል። ይህን ስነግረው ፊቱ ፈካ። “ታዲያ እኔ የቀመስኩት ሌላ ወይን ነዋ!” አለ። አዎ፣ ሌላ ወይን ነው። ብርጭቆው፣ መጠኑና ሙቀቱ እኩል ስለነበር ልዩነቱ ከራሱ አፍንጫ መሆኑን በእርግጠኝነት ልንነግረው ቻልን።

ሙቀት ካልኩ አይቀር፣ ብርጭቆዋ ትንሽ ስለሆነች ወይኑ ቶሎ ይሞቃል። እግሯን እንጂ ሆዷን አትያዙ። ነጩን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትቅዱ፤ በጣም የቀዘቀዘ ወይን መዓዛውን ይደብቃል። ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ጥሩ ነው። ቀዩ ደግሞ ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ይግባ። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ይረጋጋል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። ቅደም ተከተሉ ከቀላል ወደ ጠንካራ፣ ከደረቅ (ስኳር ከሌለው) ወደ ጣፋጭ ይሁን። ጣፋጩ ከቀደመ ቀጥሎ የሚመጣው ደረቅ ወይን ኮምጣጤ ይመስላል። ሽቶ የተቀባ እንግዳ ከመጣ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ስትጠሩ በጨዋ ቋንቋ ቀድማችሁ ንገሩ።

ምግቡ ቀላል ይሁን። ውኃ፣ ያልጣፈጠ ዳቦ፣ ጨው ያልበዛበት አይብ። አይቡን ሁለተኛው ዙር ላይ ብታወጡት ይሻላል፤ ድድ የሚያደርቀውን ቀይ ወይን ከአይብ በፊትና ከአይብ በኋላ መቅመስ ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። ያ የሚያደርቀው ነገር ታኒን ነው። ምራቅ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ይዞት ስለሚሄድ አፍ ይሻክራል። አይብ ሲገባ ይለዝባል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ50 ሲካፈል ለ15 ሰው ይደርሳል። ስድስት ሰው ብትሆኑ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ከግማሽ በላይ ይተርፋል ማለት ነው። አንድ ሰው አምስቱንም ወይን ከቀመሰ 250 ሚሊ ሊትር፣ የጠርሙስ ሲሶ፣ ጠጥቷል። ይሄ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የማያሳይ ኩባያ ስጡ፤ መትፋት የፈለገ ይትፋበት፣ መድፋት የፈለገ ይድፋበት። ማንም እንዳያፍር ጋባዡ ቀድሞ ይትፋ። መኪና ይዞ የመጣ ሰው እንዴት ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ገና ሲገባ ይነጋገር። የማይጠጣ ጓደኛ ካላችሁ ቀጂነቱን ስጡት። የእኛዋ ጠርሙሶቹን ራሷ ትሸፍናለች፣ ቁጥር ትሰጣለች፣ ታሸታለች፤ መልሱን የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች ሁሉም የሚለማመጠው እሷን ነው።

የተረፈውን ወይን ምን እናድርገው? አየር የሚስበው የእጅ ፓምፕ ከጎማ ቡሹ ጋር ይሸጣል። አለኝ። ብዙ አልጠበቅኩበትም፣ ብዙም አላደረገልኝ። ቡሹን መልሶ ሰክቶ ፍሪጅ ውስጥ ከማስገባት የሚበልጥበት ትንሽ ነው። ከሱ የተሻለው ግማሽ ሊትር የማይሞላ ንጹሕ ትንሽ ጠርሙስ ይዞ የተረፈውን እስከ አንገቱ ሞልቶ መክደን ነው። አየር ቦታ ካጣ ወይኑ ጥቂት ቀን ይቆያል። ቡሹን በቀጭን መርፌ ወግቶ በወጣው ወይን ምትክ አርጎን ጋዝ የሚሞላው መሣሪያ በደንብ ይሠራል። ዋጋው ግን ውድ ጠርሙስ በየጊዜው ለሚከፍት ሰው ነው እንጂ አልፎ አልፎ ለሚሰበሰቡ ጓደኛሞች አይደለም።

እንግዲህ ማን ይግዛት? በወር አንድ ጊዜም ቢሆን ሰው ሰብስቦ ሁለትና ከዚያ በላይ ወይን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ይግዛት። ወይን መማር የጀመረም ይግዛት፤ የትም ሄዶ ሲቀምስ የሚያገኛት ቅርጽ እሷ ልትሆን ትችላለች። ከእራት ጋር አንድ ጠርሙስ ከፍቶ እሱኑ የሚጨርስ ሰው ግን አትሆነውም። ለሱ 400 ሚሊ ሊትር አካባቢ የሚይዝ፣ አፉ ጠበብ፣ ከንፈሩ ሳሳ ያለ አንድ ዓይነት ብርጭቆ ይሻለዋል፤ ለቀይም ለነጭም ይሆናል። ሁለቱንም መያዝ ከቻላችሁ ቅምሻው ሲያልቅ ትንሿን አንሱ፣ ትልቁን አውጡ፣ በጣም ከተወደደው ጠርሙስ የተረፈውን ለሁሉም አካፍሉ።